ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

እናቴ ስልክ ልትዘጋ ስትል ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር አለ። ስለ አቡሽ ትምህርት፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ መድኃኒቱ አውርተን ስንጨርስ «ተይው ልጄ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትለኛለች። እኔን ለማጽናናት ነው፤ ሰው ሀገር ሆኜ እንዳልብሰለሰል ብላ ነው። ስንት ዓመት ይህን ስሰማ «አሜን» ብዬ ዘግቻለሁ። አሁን አሁን ግን አሜን ማለቱ እየከበደኝ መጣ። ለምን እንደከበደኝ ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አቡሽ ስሙ አይደለም። የእህቴ ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ወሎ ነው ያለው፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ ማንነት አልጽፍም። የራሴንም ስም አዘጋጆቹ እንዳያወጡት ለምኛቸዋለሁ። ምክንያቱ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። እኔ ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ማትሪክ አልመጣልኝም። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ምሁር ሳይሆን፣ እሁድ እሁድ ማኅበራችን ትምህርት ሲሰጥ ከፊት ተቀምጣ ብዙ እንደምትጠይቅ ሴት ነው። የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ ነርሷን ያስቸገርኳት እኔ ነኝ።

የምሠራበት ቤት አሽረፊዬ ነው። ሁለት ልጆች አሉ። ትንሹ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖት አንድም ቃል አልተናገረም ነበር። ማዳም ደነገጠች። ጆሮውን አስመረመረችው፣ ጆሮው ደህና ነው ተባለ። ከዚያ የንግግር ባለሙያ ጋር በሳምንት አንድ ቀን መሄድ ጀመርን። ልጁን አስገብቼ እኔ ከበሩ ውጭ ነበር የምቆመው። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ «በቀን ውስጥ ከልጁ ጋር ብዙ ሰዓት የሚቆየው ማነው?» ብላ ማዳምን ጠየቀቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። ማዳም ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞራ በጣቷ አሳየቻት። እኔን።

ጠርተው አስገቡኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ ከማዳም ጎን። ባለሙያዋ ቀስ እያለች ነው የነገረችኝ። ከእሱ ጋር ወለል ላይ ተቀመጪ። እሱ የሚያየውን አንቺም እዪ። የሚያየውን ነገር ስሙን ንገሪው። ከዚያ ዝም በይና ጠብቂው፣ በሆድሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ድምፅ ካወጣ ያንኑ ድምፅ መልሽለት። ስልክ አትስጪው። ይህን ቢያንስ በቀን ግማሽ ሰዓት።

እህቶቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ወለል ላይ ተቀምጬ ስገኝ «ሥራ ጨረስሽ እንዴ?» ነበር የምባለው። ከዚያ ቀን በኋላ መቀመጥ ራሱ ሥራ ሆነ። የሚተኮሰው ልብስ ግን አልቀነሰም፤ ወደ ማታ ነው የተዛወረው።

በሁለተኛው ወር ልጁ ብርጭቆውን አየና «ውሃ» አለ። በዓረብኛ «ማይ» አላለም፤ «ውሃ» ነው ያለው። ለካ እኔ ሳላውቀው ግማሹን በአማርኛ ነበር የማወራው! ማዳም መጀመሪያ አጨበጨበች፣ ሳቀች፣ ሳመችው። ቆየት ብላ «በዓረብኛ ንገሪው» አለችኝ። ልክ ናት፤ ልጁ የእሷ ነው፣ ቋንቋውም የእሷ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። የእኛ አቡሽ መጀመሪያ «ውሃ» ያለ ቀን አጠገቡ ማን ነበር? መለሰለት ወይ? እያልኩ አነጋሁት።

አሁን የአቡሽን ነገር ልንገራችሁ።

ወደ ዓረብ ሀገር ልትመጣ የነበረችው ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ትቷት ሄዷል፤ ልጁ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ከሲታ ነው፣ ተቅማጥ አይለቀውም፣ እኩዮቹ ሲሄዱ እሱ ገና መቆሚያ ይፈልጋል። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። እህቴ ፓስፖርት አወጣች፤ ደላላው ለጤና ምርመራ ወሰዳት። ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው፤ ደም ይወሰዳል፣ ሳንባ ይነሳል። ውጤቱን የነገራት ሐኪም አይደለም፣ ደላላው ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ «አንቺ አትሄጂም፤ ደምሽ ጥሩ አይደለም» አላት። በቃ። ምክር የለም፣ ማረፊያ ክፍል የለም። ከዚያ ልጁም ተመረመረ፤ እሱም ላይ ቫይረሱ ተገኘ።

ለደላላው የተከፈለው ብር የተበደርነው ነው፣ አይመለስም። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በእሷ ቦታ እኔ መጣሁ። እዚህም ስደርስ ለመኖሪያ ፈቃድ ደሜ እንደገና ተመረመረ፤ ቫይረሱ የተገኘባት ሠራተኛ ፈቃድ እንደማይሰጣትና እንደምትመለስ ታውቃላችሁ። እሷ ላይ የተዘጋው በር ለእኔ የተከፈተው በጥቂት ጠብታ ደም ነው። እሷ የሠራችው ክፉ ነገር የለም፣ እኔም የሠራሁት ደግ ነገር የለም። እሷ ያገባችው አሥራ ስምንት ዓመቷ ላይ ነው፣ እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፤ ልዩነታችን ይኸው ነው። ይህንን ዕድል ካላችሁት እሺ፣ እስማማለሁ።

አቡሽ ላይ ስንደርስ ግን እንቢ እላለሁ። ነርሷ ያስተማረችንን ልድገመው። ምንም ሕክምና ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ይያዛሉ። እናትየዋ መድኃኒት ከወሰደችና ክትትል ካደረገች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ሀገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሌላ ነገር ሳይጠበቅ ወዲያው ዕድሜ ልክ መድኃኒት ትጀምር ተባለ። አቡሽ የተወለደው በ2009 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ሀገር ውስጥ አለ። ከተማው ውስጥ አለ! እህቴ ግን የወለደችው ቤት ውስጥ ነው፤ ለቅድመ ወሊድ ክትትል አንድ ቀን ሄዳ፣ ወረፋው ረዝሞባት፣ ባሏም «የት ዋልሽ» ብሎ ስለተቆጣት አልተመለሰችም። ታዲያ ይህ ዕድል ነው? ወረፋና ቁጣ ነው እንጂ። እኛ ዕድል የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ተገልጦ ሲታይ አንድ ሰው ማድረግ ሲገባው ያላደረገው ነገር ሆኖ ይገኛል። እኔንም ጨምሮ፤ እኔ ያኔ እዚያው ቤት ነበርኩ፤ አብሬያት ልሄድ እችል ነበር።

ነርሷ ሌላም ነገረችን። ቫይረሱ ያለበት ሕፃን መድኃኒት ካልጀመረ ከሁለት አንዱ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ይሞታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጠንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ደግሞ መድኃኒቱን ከተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጀመሩ ሕፃናት ሞት በ76 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ቫይረሱ የሚያጠቃው ሰውነትን ብቻ አይደለም፤ ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎልም ነው። አቡሽ መቆም ያቃተው ለዚያ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ጀምሮ በስድስት ወሩ ሄደ። እኔ ያን ጊዜ እዚህ መጥቼ ነበር፤ ሲራመድ ያየሁት በቪዲዮ ነው።

መድኃኒት ነፍስ ያድናል። ግን ነፍሱ የዳነ ልጅ ሁሉ በደንብ ያድጋል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው የማዳም ልጅና አቡሽ ልቤ ውስጥ የተገናኙት።

በጃማይካ፣ ኪንግስተን በሚባለው ከተማ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተጀመረ ጥናት አለ። ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ፣ የድሃ ሰፈር 129 ሕፃናት ናቸው። ለተወሰኑት በሳምንት አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ቤታቸው እየሄደች ለአንድ ሰዓት ያህል እናትየዋን እንዴት ከልጇ ጋር እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳያታለች። መጫወቻው ከቤት ከሚገኝ ነገር የተሠራ ነው። ይህ ሁለት ዓመት ቆየ። ልጆቹ አድገው ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተፈልገው ተገኙ፤ ያ ጨዋታ የደረሳቸው ካልደረሳቸው በ25 ከመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። በጣም የገረመኝ ግን ቤት ለቤት ይዞሩ የነበሩት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ነው። ዶክተሮች አይደሉም። እንደ እኛ ሀገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ቫይረሱ ባለባቸው ልጆችም ላይ ተሞክሯል። ሶዌቶ ውስጥ ለመድኃኒት ክትትል የሚመጡ እናቶችና አሳዳጊዎች በሦስት ወር አንዴ በሚመጡበት ቀን ቤት የሚሠሩት ጨዋታ ይሰጣቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የልጆቹ አስተሳሰብም አካላዊ እንቅስቃሴም ካልተሰጣቸው የተሻለ ሆነ። ኡጋንዳ ውስጥም አሳዳጊዎችን ለአንድ ዓመት በማሠልጠን ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንዲያውም ኡጋንዳ ላይ የተሠራበት ዘዴ ከዚያ ቀደም እኛው አዲስ አበባ ውስጥ ከእናቶች ጋር ተሞክሮ የነበረ ነው። ልብ በሉ፤ በሁሉም ቦታ የሚባለው ነገር አሽረፊዬ ላይ ባለሙያዋ የነገረችኝ ነው። የሚያየውን እዪ፣ ስሙን ንገሪው፣ ጠብቂው፣ መልሽለት። ማዳም በዶላር የገዛችው ምክር ያው ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ደውራ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ አነሳሁት። «የእኔ ቃል፣ የእኔ ሳቅ፣ የእኔ 'እስከ አምስት ቁጠሪ' ለሰው ልጅ ነው የሚፈሰው፤ የራሳችን ልጅ ደርቋል» አልኩ። አንዷ፣ ሁለት ልጆች ሀገር ቤት ትታ የመጣች፣ በዕድሜም የምትበልጠን፣ ተቆጣችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ ፈተሽ ነው? ልጅ የሚያድገው በወሬ ነው በእንቁላል? አንቺ 200 ዶላር ባትልኪ ያ ልጅ ክሊኒክ በምን ይሄዳል? ወተቱን ማን ይገዛለታል? መድኃኒት በባዶ ሆድ ይዋጣል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። እኔ ከላክሁት ብር የባጃጅ ተከፍሏል፣ እንቁላል ተገዝቷል፣ ደብተር ተገዝቷል። ወሬ ብቻውን አያጠግብም፤ ባለሙያዎቹም ጤናን፣ ምግብን፣ ደኅንነትን፣ ጨዋታን አንድ ላይ ነው የሚቆጥሩት፣ አንዱን ከአንዱ አይለዩም።

ግን እሷም አንድ ነገር አልመለሰችልኝም። በ2007 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት በድሃ ሀገሮች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ከ200 ሚሊዮን በላይ ልጆች መድረስ ከሚችሉበት እንደማይደርሱ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ ድህነት፣ በሽታ፣ የምግብ ማነስ እና የሚያጫውታቸው ማጣት ነው። ይህንን ሳነብ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ከእነዚህ መካከል የስንቱ እናት፣ የስንቱ አክስት፣ የስንቱ እህት የሌላ ሀገር ልጅ እያጫወተች ይሆን? የሚያጫውት ሰው ጠፍቶ አይደለም እኮ። ሰውየዋ ተቀጥራ ሄዳ ነው።

ለረጅም ጊዜ ፍቅርን እንደ እንስራ ውሃ ነበር የማስበው፤ እዚህ ከቀዳሁት እዚያ ይጎድላል ብዬ። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳ መስታወቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ ትልቋን ልጅ በሰውነቴ ሸፍኜ ወደቅሁ። ጀርባዬ ላይ ጠባሳው አለ። ያን ሰዓት ሰውነቴ የማን ልጅ ናት ብሎ አልጠየቀም። የዚያች ልጅ ፍቅር ከአቡሽ አንዲት ጠብታ አልቀነሰችበትም። ፍቅር አያልቅም። የሚያልቀው ሰዓት ነው። በቀን ሃያ አራት ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ፤ አሥራ አምስቱ የተሸጠ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እዚህ ያለውን ልጅ ለምን ትወጃለሽ?» መሆን የለበትም፤ ልጅ ይወደዳል፣ ምን ይደረጋል። ጥያቄው ያንን ሰዓት የገዛው ሰው ሰዓቱ ከማን ላይ እንደተነሳ ያውቃል ወይ ነው። ማዳሜ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን አቡሽ የሚባል ልጅ መኖሩን ስድስት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም። በ2012 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ ሐዝሚዬ ቆንስላው በር ላይ ከነሻንጣቸው የተጣሉትን እህቶቻችንን አስታውሱ። ልጅ አዝለው ያሳደጉ እጆች ናቸው እዚያ አስፋልት ላይ ያደሩት።

ደግሞ እኔም ብሆን ትንሽ ተኩራርቼ ነበር። ይህንን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ እናቴን ላስተምራት ደወልኩ። «እማዬ፣ አቡሽን አጫውቺው፣ ስሙን እየጠራሽ ንገሪው…» ስል ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ከዚያ «አንቺን ማን አናገረሽ መሰለሽ?» አለችኝ። አፈርኩ። እውነት ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቡና ስታፈላ ግን አቡሽን ከጎኗ አስቀምጣ «ይኼ ረከቦት፣ ይኼ ሲኒ፣ ይኼ ጀበና፣ አፉ የት አለ? ጆሮው የት አለ?» ትለዋለች። ተረት ትነግረዋለች፣ መሀል ላይ ታቆምና «ከዚያስ?» ትለዋለች። ጃማይካ አያስፈልጋትም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክ ጠፋ፤ ከወር በላይ ድምፃቸውን አልሰማሁም። በየጤና ተቋሙ መድኃኒት ተዘርፏል ሲባል አብጄ ነበር። እናቴ ግን አቡሽን አዝላ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሽ መድኃኒቱን በመቀነቷ ቋጥራ ነው የወጣችው። አልበቃ እንዳይል ፈርታ ለእሱ ምግቡን እንጂ መድኃኒቱን አላጓደለችበትም። በየመንገዱ፣ በሰው ግቢ፣ ማታ ማታ ሰዓቱን በራዲዮ ዜና እየለየች ሰጠችው። በኋላ ሲመረመር ቫይረሱ አላንሰራራም። ይህን ያደረገች ሴት ናት «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የምትለኝ! የእሱ ዕድል እሷ ራሷ መሆኗን አታውቀውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን የእናቴ ወሬ ይቆማል። ይህን የጻፍኩት በእውነቱ ለዚህ ነው።

አቡሽ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ድሮ የሚሰጠው ሽሮፕ በጣም መራራ ነበር፣ እናቴ በማር ነበር የምታባብለው፤ በኋላ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው እንክብል ሲመጣ ተገላገሉ። አሁን ትልቅ እንክብል ይውጣል። «ለሳንባህ ነው» ይሉታል። አንድ እሁድ እኔን በስልክ «እትዬ፣ የእኔ ሳንባ መቼ ነው የሚድነው?» አለኝ። ከማስመለሴ በፊት እንዲህ አለኝ፦ «እነ እንትና ሳል ሲይዛቸው ሳምንት ውጠው ይተዋሉ። እኔ ለምን አልተውም?» እኔም «ሳንባህ ደካማ ስለሆነ ነው የኔ ጌታ» አልኩት። ዋሸሁት። የሚያየውን እዪ፣ ስሙን ንገሪው የተባልኩ ሴት፣ ልጁ ያየውን ሳይና ስሙን ስደብቀው።

እናቴ ምክንያት አላት፣ ቀላል ምክንያትም አይደለም። «ልጅ ምስጢር አይችልም። ትምህርት ቤት ሄዶ ቢናገር ማን አብሮት ይቀመጣል? አከራይዋ ብትሰማስ? እናቱን ማን ይቀጥራታል?» ትላለች። ታክሲ ውስጥ እህቴ የተባለችውን አትረሳም። ስለዚህ የእሷ ውሸት ክፉ ውሸት አይደለም፤ እንደ ጋቢ የሚያለብሱት ውሸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ለትምህርት የደረሱ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ይነገራቸው ይላል። ነርሷም እንዴት እንደሚጀመር አስረድታኛለች። መጀመሪያ የበሽታው ስም አይጠራም። «ደምህ ውስጥ የተኛ ጀርም አለ፣ መድኃኒቱ እንዳይነቃ ያደርገዋል፣ ካቋረጥክ ይነቃል» ይባላል። ስሙ በኋላ ይመጣል።

እኔ የማስበው ግን ከመመሪያው ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ምስጢሩ የማነው? የእናቱ ነው፣ የእናቴ ነው፣ የእኔም ነው ብለን ስንጠብቀው ከርመናል፤ ደሙ ግን የእሱ ነው። አቡሽ የማያውቀው በሽታውን ብቻ ነው። ምስጢር እንዳለ አውቋል። መድኃኒቱ ሲወጣ በር እንደሚዘጋ፣ ሰው ሲመጣ ብልቃጡ እንደሚደበቅ፣ ሲጠይቅ እናቱ ፊቷን እንደምታዞር አውቋል። ልጅ ጠይቆ መልስ ሲያጣ መጠየቅ ያቆማል። ማዳም ልጅ ላይ ያየሁት ይኸው ነው፤ ማንም ስላልመለሰለት ነበር ዝም ያለው። ታዲያ እኛ አቡሽን ስንት ነገር አስተምረን፣ ትልቁ ነገር ላይ ዝምታ እያስተማርነው ነው።

«ታዲያ ንገሪው» ትሉኝ ይሆናል። ቀላል ነው? እኔ ራሴ በየእሁዱ «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ሥራው ቀላል ነው» እያልኩ የምዋሽ ሰው ነኝ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጦርነቱ ቤሩትን ሲመታ፣ ከእህቶቻችን ብዙዎቹ ኮርኒሽ ላይ ሲያድሩ፣ እናቴን «እኛ ሰፈር ሰላም ነው» ነበር የምላት። እሷም ለእኔ የማትነግረኝ ስንት እንዳለ አላውቅም። ይህ ቤተሰብ በውሸት ነው የሚተቃቀፈው። ለአዋቂ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ እኔ እናቴ እንደምትዋሸኝ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ተግባብተናል። ልጅ ግን አልተስማማም፤ ማንም አልጠየቀውም።

መዘግየቱም ዋጋ አለው። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ሀገራችን ውስጥ በዚያ ብር የተቀጠሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። አቡሽን ከሕፃንነቱ የምታውቀው አማካሪም አንዷ ናት። እንዴት እንንገረው ብለን ልንጠይቃት ያሰብነው እሷን ነበር። «ትንሽ ይደግ» እያልን ስናቆይ ሰዎቹ አለቁ። ልጁ ማወቁ አይቀርም፤ ከእኛ ባይሰማ ከክፍል ጓደኛ፣ ወይም እንደ እናቱ ከሆነ ደላላ ይሰማል። ከማን አፍ ይስማው የሚለውን ነው እኛ የምንመርጠው፤ ሌላ ምርጫ የለንም።

እዚህ ቤሩትም ይኸው ነገር አለ። ቡርጅ ሐሙድና ደውራ የወለዳችሁ እህቶች፣ ወረቀት የለኝም ብላችሁ ክትትል የፈራችሁ፣ ስም ሳይጠየቅ በነፃ ደም የሚመረምሩ ቦታዎች አሉ። እሁድ ለነርሷ በጆሮዋ ንገሯት፣ ታገናኛችኋለች። እህቴ የተመለሰችበትን ወረፋ እናንተ አትመለሱበት።

ባለፈው ሳምንት እህቴን ብቻዋን አገኘኋት። የማስበውን ሁሉ ነገርኳት፣ ይህን ጽሑፍም አነበብኩላት፤ የልጇና የእሷ ነገር ስለሆነ ሳትፈቅድ ልሰጠው አልቻልኩም። ሁለት ቦታ አስወጣችኝ፣ አወጣሁ። ከዚያ ብዙ ዝም ብላ «እኔ ልንገረው፣ ግን አንቺም በስልክ ኑሪ» አለችኝ። ትምህርት ሲዘጋ ብለን ተስማማን። እናቴ ገና እሺ አላለችም፤ «የእናንተ ነገር» ብላ ዘጋችው፤ አልከለከለችም ግን።

ትናንት ከእናቴ ስልክ አንድ ፎቶ ደረሰኝ። የላከው አቡሽ ነው። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ነው፣ ጽሑፉ ወደ ፊት ዞሮ። ሁለተኛ ክፍል ነው፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ለይቷል። ከሥሩ ድምፅ አለው። አንድ በአንድ ፊደሎቹን ይጠራል፣ አንዷን ይስታል፣ ይመለስና ያስተካክላል። ከዚያ «እትዬ፣ ይኼ ምን ይላል?» ይላል።

ማዳም እየጠራችኝ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እስከ አምስት ቆጠርኩ። «ጎበዝ፣ ፊደሎቹን በትክክል ነው የጠራሃቸው» አልኩት። «የመድኃኒትህ ስም ነው። ምን እንደሚሠራ እማማ ትነግርሃለች፣ እኔም አብሬ እኖራለሁ። ሐምሌ ላይ።»

«ሐምሌ ስንት?» ብሎ መልሶ ልኮልኛል። ቀኑን ዛሬ ማታ ከእህቴ ጋር እንቆርጣለን።